የኩኪ ክልል፦ የእንግዳው ቁልፍ ስንት በር ይከፍታል?

የጎንደር ሆቴሎችና አስጎብኚ ድርጅቶች ለጥምቀት በዓልም ሆነ ለሰሜን ተራሮች ጉዞ እንግዳን በድረ ገጽ ሲመዘግቡ፣ የእንግዳውን ማንነት ከገጽ ወደ ገጽ ይዞ የሚሄደው «ኩኪ» የተባለው አጭር ጽሑፍ ነው። የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲፈጥረው የታሰበው የገዢን ዘንቢል ለማስታወስ ነበር። ዛሬ የመግቢያ ቁልፍም ሆኗል፤ የመግቢያውን ኩኪ የያዘ ሰው በባለቤቱ ስም ይስተናገዳል። በመሆኑም የኩኪው ክልል ጉዳይ ለኮምፒዩተር ባለሙያው ብቻ የሚተው አይደለም።

ክልሉን የሚወስኑት ዶሜይንና ፓዝ ናቸው፤ ይኸውም የድረ ገጹ ስምና ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፈው መንገድ ማለት ነው። አንድ ሆቴል «ሆቴል.ኮም.ኢቲ» የሚል ስም አለው እንበል። ክፍል የሚያዘው «መያዣ.ሆቴል.ኮም.ኢቲ» ላይ ነው። «ጉዞ.ሆቴል.ኮም.ኢቲ»ን ደግሞ በኮንትራት የገባ ሌላ ድርጅት ያስተዳድረዋል። መያዣው ኩኪ ሲሰጥ ዶሜይን ካልጠቀሰ፣ ኩኪው ወደ መያዣው ብቻ ይመለሳል። «ሆቴል.ኮም.ኢቲ» ብሎ ከጻፈ ግን በሥሩ ላሉት ሁሉ፣ ለኮንትራክተሩም ጭምር ይላካል። ስም መጻፍ ክልሉን የሚያጠብ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ መጻፍ ያሰፋል፣ ዝም ማለት ያጠባል።

ከዚህም አልፎ «ኮም.ኢቲ» ብሎ መጻፍ የሱቅን ቁልፍ ለገበያው ነጋዴ ሁሉ እንደ ማደል ነው። ደግነቱ ብሮውዘሮች አይቀበሉትም። ሞዚላ የጀመረው የጋራ መጠሪያዎች ዝርዝር ኮም.ኢቲንም ኢዲዩ.ኢቲንም ይዟል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ (ዩኦጂ.ኢዲዩ.ኢቲ) ኩኪ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ (ኤኤዩ.ኢዲዩ.ኢቲ) የማይደርሰው ለዚህ ነው። በአንድ ተቋም ስም ሥር ባሉ ገጾች መካከል ያለውን አጥር ግን የሚያጥረው ባለቤቱ ራሱ ነው።

ፓዝን በተመለከተ፣ «/ክፍያ» ተብሎ የተሰጠ ኩኪ ለ«/ክፍያ/ደረሰኝ» ይላካል፣ ለ«/ምግብ» አይላክም። ይህ ሥርዓት ለማስያዝ እንጂ ለጥበቃ አይሆንም። በዚያው ስም ላይ የተቀመጠ ሌላ ገጽ የክፍያውን ገጽ በውስጡ ከፍቶ ኩኪውን ሊያነብ ይችላልና። «ኤችቲቲፒ ኦንሊ» የተባለው ምልክት ንባቡን ቢከለክልም፣ በእንግዳው ስም ማዘዝን አይከለክልም። ስለዚህ ሁለት ደንበኞችን በአንድ ስም ላይ በፓዝ ብቻ ለይቶ ማስተናገድ ርካሽ ቢሆንም ገንዘብ ለሚንቀሳቀስበት ገጽ አይመከርም።

መውጣትም ጣጣ አለው። ኩኪ የሚሰረዘው ስሙ፣ ዶሜይኑና ፓዙ ሲሰጥ ከነበረው ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። በ«/ክፍያ» የተሰጠውን በ«/» ለመሰረዝ የሚሞክር ገጽ ስህተት ሳያሳይ ያልፋል፤ ኩኪው ግን ኮምፒዩተሩ ላይ ይቀራል። ሰርቨሩ በራሱ በኩል ካልሻረው፣ በእንግዳ መቀበያው የጋራ ኮምፒዩተር ላይ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው የፊተኛውን ምዝገባ ሊከፍት ይችላል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን መረጃ መጠበቅ በሕግ የተደነገገ ግዴታ ነው። ድረ ገጽ የሚያሠራ ነጋዴ ርክክብ ከመፈጸሙ በፊት የእያንዳንዱን ኩኪ ዶሜይንና ፓዝ በጽሑፍ ቢጠይቅ፣ «ውጣ» የሚለውንም ራሱ ተጭኖ ቢሞክር፣ የሚፈጅበት ከግማሽ ቀን አይበልጥም።