ሥዕል ስለ ማንሣትና ሴትን ስለ ማየት

አንባቢ ሆይ፥ በቅዳሜ ቀን በጂንካ ገበያ ቆመህ የሚመጣውንና የሚሄደውን ሕዝብ ብትመለከት፥ ማን ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ሳትጠይቅ ታውቃለህ። የሐመር ሴት ጠጕርዋን በቅቤና በቀይ አፈር ለውሳ፥ በዛጎል ያጌጠ የፍየል ቆዳ ለብሳ ትመጣለች። የሙርሲን ሴት በታችኛው ከንፈርዋ ትለያታለህ። ይህ ሁሉ፥ ሴት ምን ልትሆን ወንድም ምን ሊሆን እንደሚገባው ያለ ቃል የሚናገር ነው። ምናልባት በልብህ፦ እኔስ የከተማ ሰው ነኝ ትል ይሆናል። እንግዲያስ በቤትህ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው? ከትምህርት ቤት አብራህ የተመለሰችው እኅትህ ደብተርዋን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ስትገባ፥ አንተ ወዴት ትሄዳለህ?

ነገር ግን በዚህ ዘመን በልማድ አጠገብ ሁለተኛ አስተማሪ ተነሥቶአል፤ ይኸውም ጋዜጣና ሲኒማ፥ ቴሌቪዥንና በኪስህ የምትይዘው ስልክ ነው። እርሱ ልማድን እንዴት እንደሚለውጥ፥ በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል ከሚኖሩት ከሙርሲዎች ተመልከት። ቍጥራቸው ጥቂት ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ 7,500 ያህል ነበሩ። ሥዕላቸው ግን ዓለምን ሁሉ ዞሮአል።

በሙርሲ ዘንድ ሴት ልጅ 15 ወይም 16 ዓመት ሲሆናት፥ እናትዋ ወይም ሌላ የመንደሩ ሴት የታችኛውን ከንፈርዋን ትበሳለች፤ ቍስሉም እስኪድን በእንጨት ተወትፎ ይቆያል። ከዚያ በኋላ የሚገባበት ነገር በትልቅ እየተለወጠ ከንፈሩ ይሰፋል፤ በመጨረሻም ከሸክላ የተሠራ ክብ ጌጥ ይደረግበታል። ሕመሙ ብዙ ነው። ምን ያህል ይስፋ የሚለውን የምትቈርጠው ልጂቱ ናት፤ ከጓደኞችዋ ላለማነስ ያላት ሐሳብም አብሮአት ይቈርጣል። ያገባች ሴት ሸክላውን ሁልጊዜ አታደርገውም፤ ለባልዋ ምግብ ስታቀርብ፥ ላም ስታልብ፥ ሠርግ ወይም የወንዶች የዱላ ግጥሚያ ባለበት ቀን ታደርገዋለች፤ በቀረው ጊዜ ታወልቀዋለች።

ስለዚህ ነገር ሁለት ወሬ ይነገራል፤ አንተ ራስህ ለእንግዳ ነግረህ ይሆናል። አንዱ፥ ሴቶቹ የባሪያ ነጋዴ እንዳይመኛቸው መልካቸውን ለማበላሸት ጀመሩት ይላል። ሁለተኛው፥ ሸክላው በሰፋ ቍጥር ለጋብቻዋ የሚሰጠው ከብት ይበዛል ይላል። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሙርሲ እየተመላለሰ ያጠናቸው እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን የመጀመሪያውን ወሬ ማስረጃ የሌለው ነው ብሎአል። የሁለተኛውም ስሕተት ከዚህ ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜ ጋብቻው የሚታሰበውና የከብቱ ቍጥር የሚወሰነው ከንፈርዋ ገና ሳይበሳ ነው። ታዲያ ወሬው ለምን አይሞትም? ከሥዕል በታች ለመጻፍ ስለሚመች ነው። ሴቲቱን ወይ ከባሪያ ፈንጋይ የሸሸች ምስኪን፥ ወይ በከብት የምትለወጥ ዕቃ አድርጎ ነገርዋን በአንድ መስመር ይጨርሰዋል።

አሁን ጎብኚው በመኪና መጥቶ ለጥቂት ጊዜ ይቆማል። ክፍያው በሥዕል ነውና ካሜራው ጠቅ ባለ ቍጥር ይቈጠራል። ለመነሣት የሚሽቀዳደሙት ብዙ ናቸው፤ የሚመረጠውም እጅግ እንግዳ የሆነው ነው። ስለዚህ በቤት የሚወልቀው ሸክላ በካሜራ ፊት አይወልቅም፤ የከብት ቀንድና ቅል፥ በመንደር ማንም በራሱ ላይ የማይጭነው ዕቃ ሁሉ ይጫናል። ወንዱም ፊቱን በነጭ አፈር ቀብቶ ጠመንጃ ይዞ ይቆማል፤ ከከብቱ ኋላ የሚሄደውን ወንድ ከፍሎ የሚያነሣ የለምና። ያ ሥዕል ሩቅ አገር ደርሶ፥ እነሆ የሙርሲ ሴት፥ እነሆ የሙርሲ ወንድ ተብሎ ይታያል፤ የሚቀጥለው ጎብኚም ያንኑ ሊያነሣ ይመጣል። በሚቆሙት አትፍረድ፤ ብሩ እህል ይገዛል። ነገሩ እንደሚያዋርዳቸው ሙርሲዎች ራሳቸው ለተርተን ነግረውታል።

ያችው ልጅ ለትምህርት ወደ ጂንካ ብትመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ባለሥልጣኑ ጎጂ ልማድ ይለዋል፤ የመንገድ ልጅ ይጠቋቆምባታል። በመንደር ያልተበሳ ከንፈር ያስነቅፋታል፤ በከተማ የተበሳው ያሳፍራታል፤ በመኪናው ፊት ይከፈልበታል። ከሦስቱ የጠየቃት ማን ነው? እኔ ከንፈር መብሳትን ላመሰግን አልተነሣሁም፤ ባይደረግ እወዳለሁ። ነገር ግን ልማዱን የሚነቅፈው ሰው ሥዕልዋን በስልኩ ለጓደኛው ልኮ ቢሥቅ፥ ነቀፋው ለእርስዋ ከማዘን አልመጣም። አንቺም የከተማ ተማሪ ሆይ፥ ስልክሽ ቀን ከሌት የሚያሳይሽን የቀላ ፊትና የቀጠነ ወገብ ማን እንደ መረጠልሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽን?

ሥዕል ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ጂን ላይዳል የምትባል ሴት ከባልዋ ከኢቮ ስትሬከር ጋር በሐመር ኖራ ቋንቋቸውን ተማረች፤ ከጆአና ሄድም ጋር ለቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1990፥ በ1991 እና በ1994 የወጡትን ሦስት ፊልሞች ስለ ሐመር ሴቶች ሠራች። የሐመር ሴት በዘመድዋ የከብት ዝላይ ቀን በአርጩሜ ስትገረፍ ዓለም አይቶአታል፤ ስትናገር የሰማት ግን ጥቂት ነው። በእነዚህ ፊልሞች ዱካ የምትባል ልጅ ስለሚጠብቃት ጋብቻ በራስዋ አንደበት ትናገራለች። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ሌላ ፊልም ደግሞ የልጆች እናት ሆና፥ ባልዋ ሁለተኛ ሚስት ስላመጣባት የተሰማትን ትገልጣለች። የምትናገረው ለብዙ ዓመት ለምታውቃት፥ ቋንቋዋንም ለምትሰማ ሴት ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ አንተ ከሩቅ ከመጣችው ከዚያች ሴት ይልቅ ለሐመርም ለሙርሲም ቅርብ ነህ። በቅዳሜ ገበያ ከጎንህ ከምትቆመው ሴት ቋንቋ ስንት ቃል ታውቃለህ?