የተሰበረውን ማን ያስጠግናል?



በደጋው አገር የአንዱ በሬ የሌላውን ሰብል በበላ ጊዜ ሁለቱ ጎረቤታሞች ሽማግሌ ይዘው ወደ ማሳው ይወርዳሉ። ሽማግሌዎቹም የተበላውን አይተው፣ ምርቱ ቢደርስ ምን ያህል ይሆን እንደ ነበረ ገምተው፣ ባለ በሬው እንዲክስ ይወስናሉ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚባለው ከዚያ ወዲያ ነው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል፤ መጀመሪያ ግምት፣ ቀጥሎ ካሣ፣ በመጨረሻ ይቅርታ።

በሰቆጣ መንገድ ላይ ባጃጅና አይሱዙ ሲጋጩ ግን ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ወይ ጭቅጭቅ ይነሣል፤ ወይም ሰው የተሰበሰበው «ነፍስ ተርፏል፣ ተዉት» ብሎ ያስታርቅና ይበተናል። ባጃጁ ግን እንደ ተሰበረ ይቀራል። የዕለት እንጀራው በዚያ ባጃጅ የሆነ ወጣት ይቅርታ ተብሎ ቢሳምም፣ በማግሥቱ ሥራ መግባት አይችልም። ስለዚህ ይቅርታ የካሣን ቦታ እንደማይተካ መገንዘብ ይገባል።

1ኛ. መድን የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

በኢትዮጵያ የሦስተኛ ወገን መድን ለማንኛውም ተሽከርካሪ ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559/2000 ነው። ይህም አዋጅ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተክቷል። የሦስተኛ ወገን መድን በሌላው ሰውና በሌላው ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለራስ መኪና አይከፍልም። መድን የሌለው ወይም ያልታወቀ መኪና ሰው ቢገድል ወይም አካል ቢያጎድል የሚክስ የመድን ፈንድም ተቋቁሟል፤ ይኸውም ፈንድ ለተሰበረ ስፖኪዮ ወይም ለተጣመመ ቦዲ አይደርስም። በመሆኑም የገጨህ መኪና መድን ከሌለው የጥገናው ወጪ የሚወጣው ከባለቤቱ ኪስ ነው። ባለቤቱ ጥገናውን ስለ ከፈለ ግን ያለ መድን በማሽከርከሩ ከመጠየቅ አይድንም።

2ኛ. ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። ሌላ ሰው ሲነዳው የደረሰ ቢሆንም እንኳ ተጎጂው ባለቤቱን መጠየቅ ይችላል። ይህ ማለት ግን ያጠፋ አሽከርካሪ ነፃ ነው ማለት አይደለም። የሰው ባጃጅ ተረክባችሁ የምትሠሩ ወጣቶች፣ አደጋ ቢደርስ ከባለቤቱ ጋር ወጪውን እንዴት እንደምትካፈሉ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ ደግሞ ቁጥር 2084 ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል። የጉዳቱም ጠቅላላ ድምር ለሁለት ይከፈላል። ለምሳሌ የባጃጁ ጥገና 9,000 ብር፣ የአይሱዙው 5,000 ብር ነው እንበል። ድምሩ 14,000፣ እኩሌታው 7,000 ነው። የአይሱዙው ባለቤት የራሱን በ5,000 ብር አስጠግኖ ለባለ ባጃጁ 2,000 ብር ይጨምራል፤ ባለ ባጃጁም ቀሪውን 7,000 ይችላል። ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው አሽከርካሪ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ይህ የእኩልነት ግምት ይፈርሳል። «ትልቁ መኪና ይክፈል» ወይም «የኋለኛው ይክፈል» የሚለው የመንገድ ላይ ፍርድ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንረዳለን።

3ኛ. ስምምነቱ እንዴት ይደረግ?

ሀ. በቅድሚያ ሰው ይታይ። የተጎዳ ካለ ወደ ሕክምና ይወሰድ፤ ለትራፊክ ፖሊስም ይነገር። የሰው ጉዳት በገንዘብ ተሸፋፍኖ የሚቀር ነገር አይደለም።

ለ. ከሁለቱ አንዱ መድን ካለው፣ ጥፋትን ከማመኑና ከመስማማቱ በፊት ለመድን ድርጅቱ ያስታውቅ።

ሐ. መኪናዎቹ ከመነሣታቸው በፊት ቦታው በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ያዩ ሰዎችም ስማቸው ይያዝ።

መ. ግምቱ ከአንድ ሳይሆን ከሁለት ጋራዥ ይጠየቅ። መለዋወጫው፣ የእጅ ዋጋውና ቀለሙ ለየብቻ ይጻፍ። መለዋወጫው ከወልድያ ወይም ከደሴ የሚመጣ ከሆነ ማስጫኛውም ይታሰብ። ባጃጁ ቆሞ የሚውልባቸው ቀናት ገቢም ጉዳት ስለሆነ ሽማግሌዎች አይርሱት።

ሠ. «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው ስምምነቱ ይጻፍ። የሁለቱ ስም፣ የሰሌዳ ቁጥሮቹ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የገንዘቡ ልክና የሚከፈልበት ቀን ይግባበት፤ ምስክሮችም ይፈርሙ። ከሁለቱ አንዱ አፉን የፈታው በኽምጣና ከሆነ፣ ከመፈረሙ በፊት በኽምጣና ይነበብለት። ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 መሠረት የእርቅ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ሳያነቡ ፈርሞ በማግሥቱ «አልገባኝም ነበር» ማለት ያስቸግራል።

ረ. ከፋዩ ድኻ ከሆነ በየወሩ እንዲከፍል ይደረግ፤ በከፈለ ቁጥርም ደረሰኝ ይቀበል። ተጎጂው ከፈቀደ ከገንዘቡ ሊቀንስለት ይችላል። ይህ ግን የተጎጂው የራሱ በጎ ፈቃድ እንጂ በሽማግሌ ጫና የሚወሰድበት መሆን የለበትም።

4ኛ. ጊዜን ስለ መጠበቅ

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይባላል። ሕጉም በቁጥር 2143 እንዲህ ላለው ካሣ በመሠረቱ የሁለት ዓመት ጊዜ ብቻ ሰጥቷል። ያለ ጽሑፍ «ነገ እከፍላለሁ» እየተባለ ሁለት ዓመት ቢያልፍ የተጎጂው ክስ ሊታገድ ይችላል። ይሉኝታ ይዞት ዝም ያለ ሰው በዚህ ይጎዳል። ከፋዩም ቢሆን ባለ ገንዘቡን በገበያ ባየ ቁጥር መንገድ እየቀየረ ከሚኖር፣ ጥቂት በጥቂት ከፍሎ ቀና ብሎ መሄድ ይሻለዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የባጃጁ ጥገና 6,000፣ የአይሱዙው 10,000 ብር ቢሆንና ጥፋተኛው ባይታወቅ፣ ማን ለማን ስንት ይጨምራል?

2. ሽማግሌ ተጎጂውን «ማረው» ብሎ ሲጫነው ተጎጂው ምን ብሎ በአክብሮት ሊመልስ ይችላል?

3. በቀጠናችሁ የሚሠሩ የባጃጅ ነጂዎች ከባለቤቶቹ ጋር ስለ አደጋ የተጻፈ ውል አላቸውን? ከሌላቸው እንዴት ልትረዷቸው ትችላላችሁ?