በባለ ሁለት ታንክ አሮጌ ፒካፕ ላይ የኤሌክትሮኒክ ነዳጅ ኢንጄክሽን መግጠም፦ የመመለሻ መስመሩ ጥያቄ

ጭምቅ ሐሳብ

አሮጌ ተሽከርካሪን ከካርቡሬተር ወደ ኤሌክትሮኒክ ኢንጄክሽን የመለወጥ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከሞተሩ አንጻር ነው። ይህ ጽሑፍ በባለ ሁለት ታንክ ተሽከርካሪ ላይ ዋናው የደኅንነት ጥያቄ ያለው ከሞተሩ በሚመለሰው ነዳጅ ላይ መሆኑን በቀላል ስሌት ያሳያል፤ ሦስት አማራጮችን ያነጻጽራል፤ ከጉዞ በፊት ሊደረግ የሚገባ ፍተሻም ያቀርባል።

1. መነሻ

ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1987 ለአሜሪካ ገበያ ካቀረባቸው ፒካፖች ብዙዎቹ ከሻንሲው ውጭ በግራና በቀኝ የተገጠሙ ሁለት የነዳጅ ታንኮች (ሰልባትዮዎች) ነበሯቸው። ሾፌሩ በዳሽቦርዱ ማብሪያ አንዱን ታንክ ይመርጣል፤ መቀያየሪያ ቫልቭ መስመሩን ያዞራል፤ በሞተሩ ላይ የተገጠመው ሜካኒካዊ ፓምፕም ነዳጁን ስቦ በግማሽ ባር ገደማ ግፊት ለካርቡሬተሩ ያደርሳል። የካርቡሬተሩ ተንሳፋፊ፣ ጽዋው ሲሞላ መግቢያውን ስለሚዘጋ ሞተሩ የሚቀበለው የሚያቃጥለውን ያህል ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ትነት የሚመልስ ቀጭን መስመር ቢኖርም የሚያሳልፈው መጠን ጥቂት ነው።

ዛሬ በካርቡሬተሩ ቦታ የሚገጠሙት የኢንጄክሽን ዕቃዎች በአብዛኛው 4 ባር ገደማ ግፊት ይፈልጋሉ። የኤሌክትሪክ ፓምፑ ሳያቋርጥ ይገፋል፤ የግፊት መቆጣጠሪያው ትርፉን ወደ ታንክ ይመልሳል። በዚህም የአንድ አቅጣጫ ፍሰት የነበረው ሥርዓት ዑደት ይሆናል።

2. የፍሰቱ ስሌት

ለእንዲህ ያለው ሥራ ከተለመዱት ፓምፖች አንዱ በሰዓት 255 ሊትር ይገፋል። ፒካፑ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 20 ሊትር ያቃጥላል ቢባል፣ በሰዓት 235 ሊትር፣ ማለትም በደቂቃ 4 ሊትር ያህል ተመላሽ ይሆናል።

የመመለሻ ቱቦው ሁልጊዜ ከግራ ታንክ ጋር ተያይዞ ሳለ ሾፌሩ ቀኙን መረጠ እንበል። በቀኝ ታንክ ያለው 60 ሊትር በ14 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ሞተሩ በዚህ ጊዜ ያቃጠለው 5 ሊትር እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ሁሉ ወደ ግራ ተዛውሯል። በግራ ታንክ የነበረው ባዶ ቦታ 15 ሊትር ብቻ ቢሆን ነዳጁ ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሞልቶ መፍሰስ ይጀምራል። ግፊት ሲጨምርና የባትሪው ቮልቴጅ ሲቀንስ የፓምፑ መጠን ስለሚወርድ ቁጥሮቹ ግምታዊ ናቸው፤ ድምዳሜው ግን አይለወጥም። ቤንዚኑ በጋለ የጭስ ማውጫ አጠገብ ወይም በአስፋልት ላይ ሲፈስ የሚያስከትለው አደጋ ግልጽ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ነዳጅ ወደ ወጣበት ታንክ መመለስ አለበት የሚል ነው።

3. አማራጮች

የመጀመሪያው አማራጭ ባለ ስድስት አፍ ቫልቭ ነው። ሦስቱ አፎች ለመላኪያ፣ ሦስቱ ለመመለሻ ያገለግላሉ፤ አንድ ሞተር ሁለቱንም በአንድነት ያዞራል። ለሁለቱ መስመሮች የተለያዩ ቫልቮች ከተገጠሙ አንዱ ዞሮ ሌላው ሊቀር ስለሚችል በሜካኒክ የተሳሰረው ይመረጣል። ይሁን እንጂ የቫልቩ ቦታ ወሳኝ ነው። የ1987ቱ የፋብሪካ ኢንጄክሽን የሚሠራው ከ1 ባር በታች በሆነ ግፊት ስለነበር፣ ለዚያ የተሠራ ቫልቭ ለ4 ባር ይበቃል ማለት አይቻልም። ቫልቩ ከፓምፑ በፊት፣ በመሳቢያው በኩል ሲቀመጥ ከፍተኛውን ግፊት አይሸከምም። በዚህ አቀማመጥ ፓምፑ ከመሳብ ይልቅ መግፋት ስለሚቀናው ወደ ታንኮቹ ቀርቦ ከነዳጁ ከፍታ ዝቅ ብሎ መገጠም ይኖርበታል፤ አለዚያ በሙቀት ጊዜ በመሳቢያው መስመር ትነት ተፈጥሮ ግፊቱ ይወድቃል።

ሁለተኛው አማራጭ በሞተሩ ክፍል የሚገጠም ትንሽ አገናኝ ታንክ ነው። ነባሩ ሜካኒካዊ ፓምፕ ይሞላዋል፤ ተንሳፋፊው መጠኑን ይቆጣጠራል፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕና ተመላሹ ነዳጅ እዚያው ውስጥ ይዞራሉ። ነባሩ የታንክ መቀያየሪያ ሳይነካ መቅረቱ ትልቅ ጥቅም ነው። በአንጻሩ ጥቂት ነዳጅ ደጋግሞ ስለሚዞር ይሞቃል፤ ተንሳፋፊው ሳይዘጋ ቢቀርም ፈሳሽ ነዳጅ በመተንፈሻው ሊወጣ ይችላል።

ሦስተኛው አማራጭ አንዱን ታንክ ዋና አድርጎ ሌላውን በአነስተኛ ፓምፕ ወደ እርሱ ማዛወር ነው። ዑደቱ በአንድ ታንክ ስለሚወሰን ቀላል ነው። ነገር ግን ዋናው ሲሞላ ማዛወሪያውን የሚያቆም ሴንሰር ከሌለው ያው የመፍሰስ ችግር በሌላ መንገድ ይመለሳል።

የትኛውም ቢመረጥ የጎማ ቱቦው መለወጥ አለበት። ኤስ.ኤ.ኢ. 30 አር 7 የሚባለው የካርቡሬተር ቱቦ የተመደበው ለ3.5 ባር ገደማ ሲሆን፣ ለኢንጄክሽን የተሠራው 30 አር 9 ለ7 ባር ያህል ነው። ፓምፑም ሞተሩ ሲጠፋ በኮምፒውተሩ ትእዛዝ፣ ግጭት ሲደርስ ደግሞ በግጭት ማቋረጫ ማብሪያ መቆም ይኖርበታል።

4. ፍተሻ

ትርፉ ወደ ታንክ በሚመለስበት ሥርዓት ላይ ሞተሩ ሳይነሣ ፓምፑ ብቻ ሲሠራ የሚቃጠል ነዳጅ የለም፤ በመሆኑም የሁለቱም ታንኮች መጠን መለወጥ የለበትም። ሁለቱን ታንኮች እስከ ግማሽ ሞልቶ፣ በመለኪያ ዘንግ ለክቶ፣ በየተራ እየመረጡ ፓምፑን ለ2 ደቂቃ ማስነሣት ይበቃል። መስመሩ ከተዛባ 8 ሊትር ያህል ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚሻገር ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ፍተሻው በክፍት ቦታ፣ የእሳት ማጥፊያ በቅርብ ተዘጋጅቶ ይደረጋል።

5. መደምደሚያ

የፍሰቱ ስሌት የሚያሳየው፣ በካርቡሬተር ጊዜ ቦታን ብቻ ይመርጥ የነበረው የታንክ መቀያየሪያ በኢንጄክሽን ጊዜ የሙሉው ዑደት ጠባቂ መሆኑን ነው። ስለሆነም የለውጡ ንድፍ ከኢንጄክተሩ ሳይሆን ከመመለሻ መስመሩ ሊጀምር ይገባል።