«ማቃጠሉ ትቶኛል፤ ድኛለሁ ወይ?»

የጤና ጥያቄና መልስ

የዚህ ዕትም ጥያቄዎች የመጡት በደቡብ እስራኤል ካለችው ከቤር ሼቫ፣ ሽኩና ዳሌት ከሚባለው ሠፈር ነው። በፈረንጆቹ በ1984 በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ በደቡቡ ከተሞች መኖር ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ያኔ ልጅ አዝለው የመጡት ዛሬ አያቶች ሆነዋል። ጥያቄዎቹ ስለ ቆዳ፣ ስለ ጆሮ፣ ስለ ዓይንና ስለ ምላስ ናቸው። ሳነባቸው ያሳሰበኝ አንድ ነገር አለ። ወገኖቻችን ሲያማቸው ወደ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ክሊኒካቸው) ይሄዳሉ፤ ስሜታቸው ሲጠፋ ግን ተሻለኝ ብለው ቤታቸው ይቀመጣሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ጥያቄ በሰፊው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ስኳር ካለብኝ ቆይቷል። ሌሊት ሌሊት እግሬን ያቃጥለኝ፣ ይወጋጋኝ፣ ጉንዳን የሚሄድብኝም ይመስለኝ ነበር። አሁን ማቃጠሉ ትቶኛል። ልጄ ግን «ሂጂና ይዩሽ» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ድኛለሁ ማለት አይደለም ወይ? (የ70 ዓመት እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ እውነቷን ነው።

ከቆዳችን ሥር ብዙ ዓይነት የነርቭ ጫፎች አሉ። አንዱ ንክኪን፣ አንዱ ንዝረትን፣ አንዱ ሙቀትና ቅዝቃዜን፣ ሌላው ጉዳትን ለይቶ ያውቃል። እሾህ ሲወጋን የነርቩ ጫፍ ያንን መወጋት ወደ ደቃቅ የኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጠዋል። ምልክቱ በእግር ወጥቶ፣ በሕብለ ሰረሰር በኩል አልፎ አንጎል ይደርሳል። «አመመኝ» የምንለው ስሜት የሚፈጠረው እዚያ እንጂ እግር ላይ አይደለም። እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች የሌለ ጣታቸውን የሚያማቸው በዚህ ምክንያት ነው። ጣትዎን ድንጋይ ሲመታዎት መጀመሪያ ስል ሕመም ብልጭ ይልና ትንሽ ቆይቶ የሚያንገበግበው ይከተላል፤ ምልክቱን የሚያመጡት ነርቮች ሁለት ዓይነት ስለሆኑ ነው። ዘገምተኞቹ በሴኮንድ ከ2 ሜትር አይበልጡም።

ስኳር በደም ውስጥ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቩንም፣ ነርቩን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል። ከዋናው መስመር የራቀ ቤት መብራቱ ቀድሞ እንደሚደክም ሁሉ፣ ከሁሉ የረዘሙት ወደ እግር ጣት የሚወርዱት ነርቮች ቀድመው ይታመማሉ። የታመመ ነርቭ ምንም ሳይነካው ምልክት ይልካል፤ አንጎልም ያንን አምኖ «እሳት ነው» ይላል። ማቃጠሉና ጉንዳኑ ይህ ነበር። ጉዳቱ ሲብስ ግን ነርቩ ከነጭራሹ ምልክት መላክ ያቆማል። የእርስዎ ማቃጠል የተወዎት ስኳሩ በመድኃኒት ስለተስተካከለ ሊሆን ይችላል፤ ነርቩ ስለሞተም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ቤት ቁጭ ብሎ መለየት አይቻልም።

አንዲት እናት ለሌላ ጉዳይ መጥተው ጫማቸውን እንዲያወልቁ ለመንኳቸው። ከጫማው ውስጥ የልጅ ልጃቸው የአሻንጉሊት ቁራጭ ዱብ አለ። ካልሲያቸው ላይ ደም ነበር፤ በእግራቸው መዳፍ ላይ የአንድ ሰቅል ሳንቲም የሚያህል ቁስል ነበር። ቀኑን ሙሉ ረግጠውት ገበያ ወጥተው ተመልሰዋል፤ አልተሰማቸውም። በእግር ስንት አገር ያቋረጠ እግር በአንዲት የፕላስቲክ ቁራጭ ምክንያት እንዲቆረጥ አልፈልግም።

ምርመራው ቀላል ነው፣ አያምም። ዓይንዎን ጨፍነው በጀርባዎ ይተኛሉ፤ ነርሷ በ10 ግራም ጫና የሚጎብጥ ቀጭን የናይለን ክር በእግርዎ መዳፍ ላይ እያሳረፈች «ተሰማዎት?» ትላለች። ከዚያ የሚንዘር ሹካ መሰል ብረት በአውራ ጣትዎ አጥንት ላይ ታስቀምጣለች። የቪታሚን ቢ12 የደም ምርመራም ይጠይቁ፤ እጥረቱ እንዲሁ ያደነዝዛል፣ ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ደግሞ ቢ12ን ሊያሳንስ ይችላል። ይህ ከሆነ መፍትሔው በእጅ ነው።

እስከዚያው ማታ ማታ የእግርዎን መዳፍ በመስታወት ይዩ ወይም ልጅዎ ትይልዎት፤ ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት ውስጡን በእጅ ይዳስሱ፤ ቤት ውስጥም ባዶ እግርዎን አይሂዱ። የበረሃው ክረምት ሌሊቱ እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን እግርዎን ማሞቂያ ላይ አይደግፉ፣ የፈላ ውኃ ውስጥም አይንከሩ። የውኃውን ሙቀት በክርንዎ ይለኩ። እግርዎ «በቃ» ብሎ ሊያስጠነቅቅዎ አይችልምና።

ጥያቄ፦ ወታደር ነኝ። ጓደኞቼን ለሻባት ቤት አምጥቼ እናቴ ዶሮ ወጥ ሠርታ ነበር። አንዱ ከመጀመሪያው ጉርሻ በኋላ ውኃ በላይ በላዩ ጠጣ፤ አልበረደለትም። እኔ ግን ምንም አልመሰለኝም። ለምንድን ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ የበርበሬ ማቃጠል ጣዕም አይደለም። ምላስ የሚለየው ጣፋጭን፣ ጨውን፣ ኮምጣጣን፣ መራራንና የሥጋ መረቅ ዓይነቱን ኡማሚ የሚባለውን ነው። በርበሬው የሚነካው ግን ሙቀት የሚያውቀውን ነርቭ ነው። በ1997 ዴቪድ ጁሊየስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በዚያ ነርቭ ላይ ያለውን በር መሰል ተቀባይ አገኘው፤ ሙቀቱ 43 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የሚከፈት በር ነው፤ በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ያንኑ በር ያለ እሳት ይከፍተዋል። ጁሊየስ ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር በ2021 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው በዚህና በንክኪ ምርምራቸው ነው። ጓደኛህ ምላሱ አልተቃጠለም፤ አንጎሉ ግን እንደተቃጠለ ተነግሮታል፤ ላቡም እንባውም የመጣው ለዚህ ነው።

ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፣ በቅባት ይሟሟል። እርጎ ጥሩ ነበር፤ ወተት ነክ በሕጋችን ከዶሮ ጋር ስለማይበላ ግን ጣሂና በእንጀራ ስጠው። አንተ ያልመሰለህ ከልጅነትህ ጀምሮ ስለበላህ ነው፤ ነርቩ ደጋግሞ ሲነካ ምላሹ ይቀንሳል። በዚሁ ምክንያት ለነርቭ ሕመም ከበርበሬ የሚሠራ ቅባት አለ። እግሩ የደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛ ግን ሐኪም ሳያዝለት እንዳይቀባው።

ጥያቄ፦ ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይልኝም። በተለይ ዓርብ ማታ ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ሲሰበሰቡ ጫጫታ ብቻ ይሆንብኛል። «ዕብራይስጥ ስለማትችል ነው» ይሉኛል። እውነት ነው ዶክተር? (የ78 ዓመት አባት)

መልስ፦ አባቴ፣ ግማሹ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በግማሽ እውነት ግን ጆሮ ሳይታይ እንዳይቀር።

በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ወደ ምልክት የሚለውጡ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ። ለመስማት ዋነኞቹ በአንድ ጆሮ 3,500 ያህል ብቻ ናቸው፤ ሲሞቱ አይተኩም። በዕድሜ ቀድመው የሚሞቱት ቀጭን ድምፅ የሚሰሙት ናቸው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ የሚሰሙት በእነዚያ ስለሆነ የንግግሩ ወፍራም ክፍል ይቀራል፣ ቃሉን ከቃል የሚለየው ይጠፋል። ስለዚህ «እሰማለሁ፣ ግን አይለይልኝም» ያሉት የዕድሜ የመስማት ድካም ትክክለኛ መግለጫ ነው።

ሁለተኛው ግማሽ የአንጎል ሥራ ነው። ሕፃን ሲወለድ የየቋንቋውን ድምፆች ሁሉ መለየት ይችላል፤ ዓመት ሲሞላው ግን አንጎሉ በቤቱ ለሚነገረው ድምፅ ያደላል። እርስዎ «ጠ»ን ከ«ተ» ሳያስቡ ይለያሉ፤ በዕብራይስጥ ብቻ ያደገው የልጅ ልጅዎ ሊደበላለቅበት ይችላል። የእርስዎም አንጎል በጎልማሳነት የሰማውን ቋንቋ፣ ያውም በጫጫታ መካከል፣ ለመሙላት ይቸገራል።

መለያው ይህ ነው፦ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አማርኛም የማይለይልዎ ከሆነ ችግሩ ጆሮ ነው። መጀመሪያ የጆሮ ኩክ ይታይ፤ በክብሪት እንጨት አይጎርጉሩት። ቀጥሎ ለመስማት ምርመራ እንዲልኩዎት ይጠይቁ። ቃል እየተጠራ «ድገሙ» የሚባለው ክፍል በዕብራይስጥ ከሆነ ለእርስዎ ፍትሐዊ አይደለም፤ ይህን ፊት ለፊት ይናገሩ። በማዳመጫ ጢጥ የሚል ድምፅ ሲሰሙ ቁልፍ የሚጫኑበት ክፍል ግን ቋንቋ አይጠይቅም፤ የጆሮዎን ልክ በትክክል ያሳያል። አስተርጓሚ ወይም የማኅበረሰቡ አገናኝ አብሮዎት እንዲገባ መጠየቅ ነውር አይደለም። የመስሚያ መሣሪያ ከታዘዘልዎ ስለ ዋጋው ድጋፍ ይጠይቁ። ልጆችዎ ደግሞ ይህን ያንብቡ፦ አትጩኹ፤ ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ፣ ፊት ለፊት ሆናችሁ፣ በየተራ ተናገሩ። ሰው ካልሰማ ከጨዋታ ይርቃል፣ ብቻውን ይሆናል፤ ያልታከመ የመስማት ድካም ደግሞ ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ እንደሆነ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 እና ከዚያም ወዲህ ጽፏል።

ጥያቄ፦ እናቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ ነጠላ የለበሱ ትናንሽ ሰዎች ይታዩኛል ትላለች። አይናገሯትም፤ እንደሌሉም ታውቃለች። አክስቴ ዛር ነው አለች። እኔ ደግሞ አእምሮዋ እንዳይሆን ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ለእናትሽ «አምኜሻለሁ፣ ታይቶሻል» በያት። እንዲህ የሚያይ ብዙ ሰው አበደ እንዳይባል ደብቆት ይኖራል።

ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚልከው በእያንዳንዱ በኩል አንድ ሚሊዮን ያህል ክሮች ባሉት ነርቭ ነው። ነርቩ ከዓይን በሚወጣበት ቦታ ሁላችንም ምንም አናይም፤ ግን ቀዳዳ አይታየንም፣ አንጎል ከዙሪያው ገምቶ ይሞላዋል። በዓይን ሞራ፣ በግላኮማ ወይም በስኳር ምክንያት ምስሉ ሲመናመን የአንጎሉ የማየት ክፍል ሥራ አይፈታም፤ ከራሱ ምስል ያመነጫል። ስዊዘርላንዳዊው ሻርል ቦኔ በ1760 ይህን የጻፈው ስለ ገዛ አያቱ ነው፤ ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ፣ አእምሯቸው ግን ምሉዕ ሆኖ፣ ሰዎችና ወፎች ይታዩአቸው ነበር። ዛሬም ሕመሙ በስሙ ይጠራል።

ምስሎቹ የማይናገሩ ከሆነና እናትሽ እውን እንዳልሆኑ የምታውቅ ከሆነ ይህ ሳይሆን አይቀርም። የዓይን ሐኪም ቶር (ቀጠሮ) አስይዢላት፤ ሞራ ከሆነ ቀዶ ሕክምና አለው። ማታ መብራት ጨምሪ፤ ሲታያት ዓይኗን ግራና ቀኝ ታንቀሳቅስ፣ ብዙ ጊዜ ይጠፋሉ። ድምፅ ከሰማች፣ ከተደናገረች፣ ትኩሳት ካላት ወይም አዲስ መድኃኒት ከጀመረች ግን ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ወዲያው የቤተሰብ ሐኪሟ ይያት። አክስትሽን አትቆጪያት። ቄሱ ቢባርኳት እኔም ደስ ይለኛል፤ የዓይን ቶሩ ግን እንዳይሰረዝ።

ጥያቄ፦ ከኢራን ጋር ከተደረገው የሰኔ 2025 ጦርነት ወዲህ ሞተር ብስክሌት ሲያልፍ አዛካ (የአደጋ ሳይረን) ይመስለኝና ልጆቼን ይዤ ወደ ሚክላት (መጠለያ) ልሮጥ እነሳለሁ። ጆሮዬ ተበላሽቶ ነው? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ ጆሮሽ ደህና ነው። በፈረንጆቹ ሰኔ 19 ቀን 2025 ሚሳኤል ሶሮካ ሆስፒታልን ሲመታ እዚህ ሠፈር የነበረ ሰው አንጎሉ አንድ ነገር ተምሯል። አንጎል ድምፁ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ መነሻውን ሰምቶ ይገምታል። ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ አዛካውም እንዲሁ ይጀምራል። የሮኬት ማስጠንቀቂያው አንድ ደቂቃ ብቻ በሚሰጥበት ከተማ በከንቱ መነሣት ከመዘግየት ይሻላል ብሎ አንጎልሽ ፈርዷል። አደጋው ሲርቅ ይህ ቀስ በቀስ ይረግባል። እንቅልፍ ከነሣሽ፣ ከቤት መውጣት ካስፈራሽ፣ ከወር በላይ ከቆየ ግን ለቤተሰብ ሐኪምሽ ንገሪ፤ በሌሊትም ቢሆን ለኤራን የስልክ የሥነ ልቦና ድጋፍ በ1201 መደወል ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ ከእነዚህ ሁሉ ለነገ የማይባለው የትኛው ነው?

መልስ፦ በድንገት የመጣ መጥፋት። አንድ ጆሮ በአንድ ጀምበር ከደነቆረ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው። አንድ ዓይን ከጠፋ፣ አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ከደነዘዘ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ በአንጎል የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ የሚያሟሟው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት ስላለበት ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ልቡ ሲታመም ደረቱን ላያመው ይችላል፤ ድንገት ትንፋሽ ካጠረው፣ ላብ ካጠመቀው፣ ካጥወለወለው ያ ይበቃል። «ምንም አላመመኝም፣ ልተኛበት» ቢላችሁ አትስሙት፤ ለአምቡላንስ 101 ደውሉ።