ወዳጁን በዜማው የሸኘ

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ አብሮኝ ዜማ ይሠራ የነበረው ጓደኛዬ አርባው ሊወጣ ነው። ፎቶው ያለበት ባነርና ቲሸርት አሠርተናል። መድረክ ላይ ወጥቼ የምናገረው ግን ጠፋኝ።

ሽማግሌው፦ ንግግሩን ተወው። ሥራዎቹን በደንብ አጥኑና ተጫወቱለት፤ እያንዳንዱን ስትጀምሩ ስሙን ጥሩ። ሙዚቀኛ ለሙዚቀኛ የሚያወጣው ተዝካር ይኸው ነው። የጃዝ ባንድ መሪው ዱክ ኤሊንግተን ለቢሊ ስትሬይሆርን ያደረገለትን ሰምተሃል?

ወጣቱ፦ ኤሊንግተንን በዝና አውቀዋለሁ። ስትሬይሆርን ግን ማን ነው?

ሽማግሌው፦ አየህ! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። «ቴክ ዘ ኤ ትሬይን» የኤሊንግተን ባንድ መለያ ዜማ ነው፤ የደረሰው ግን ስትሬይሆርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ፒትስበርግ ላይ ተዋወቁ። ኤሊንግተን ኒውዮርክ ስትመጣ ቤቴን በዚህ በዚህ ታገኘዋለህ ብሎ የባቡሩን መንገድ ነገረው፤ ልጁ ከዚያ ተነስቶ ይህን ዜማ ሠራ። በ1941 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ የሙዚቃ ደራሲያን ማኅበርና የሬዲዮ ጣቢያዎቹ በክፍያ ተጣሉ፤ ጣቢያዎቹም የማኅበሩን አባላት ሥራ አናሰማም አሉ። ኤሊንግተን አባል ነበርና የገዛ ዜማዎቹን በሬዲዮ መጫወት ተከለከለ። ያን ጊዜ ባንዱን ያሻገሩት አባል ያልነበሩት ስትሬይሆርንና የኤሊንግተን ልጅ መርሰር ናቸው። ኤሊንግተን ሰረቀው የሚሉም አሉ፤ እኔ አልቀበልም። ዜማው የወጣው በስትሬይሆርን ስም ነው። ስሙን የዋጡት አስተዋዋቂዎቹ ናቸው። በቀደም አንዱ የሬዲዮ አቅራቢ «የኤሊንግተን ድርሰት» ብሎ ለቀቀው። ደውዬ አረምኩት፤ አመስግኖ ዘጋው። በሌላ ቀን ያንኑ ስሕተት ደገመው! የእኛም አገር ነገር ያው ነው። በካሴቱ ሽፋን ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ቀናባሪ ዘፈኑ ሬዲዮ ሲደርስ ጭራሽ ይጠፋል። ዘፋኙን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፤ ግጥሙን የጻፈውን፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን መግቢያ ያዋደደውን ማን ያውቀዋል? በቁሙ ስሙን ያልጠራነውን ሰው ሲሞት በባነር ልንክሰው እንሞክራለን።

ወጣቱ፦ ታዲያ ኤሊንግተን ምን አደረገለት?

ሽማግሌው፦ ወደ ሠላሳ ዓመት ግድም አብረው ሠሩ። ስትሬይሆርን እ.ኤ.አ. በ1967፣ በ51 ዓመቱ፣ በካንሰር ሞተ። የመጨረሻ ሥራውን «ብለድ ካውንት»ን ለባንዱ የላከው ከተኛበት ሆስፒታል ነው። ኤሊንግተን በቀብሩ ላይ ስለ ወዳጁ ነፃነት ተናግሯል፦ ከጥላቻ ነፃ፣ ለራስ ከማዘን ነፃ፣ ሌላውን ከራሱ በላይ እንዳይጠቅም ከመፍራት ነፃ፣ ከሰው እበልጣለሁ ከማለትም ነፃ ነበር ብሎ። ግሩም ንግግር ነው፤ እኔ ግን ከንግግሩ ይልቅ አልበሙን እወዳለሁ። በዚያው ዓመት ባንዱን ስቱዲዮ አስገብቶ የስትሬይሆርንን ድርሰቶች አስቀረጸ። ርእሱንም «እናቱም ቢል ትለው ነበር» አለው። «ብለድ ካውንት»ን ስታዳምጥ የጆኒ ሆጅስን አልቶ ሳክስፎን ተከተል። ዝግ ብሎ ይጀምራል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ይመስላል፤ ከዚያ ራሱን ይገታል። «ሎተስ ብሎሰም» ላይ ደግሞ ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን እየሸከፉ ኤሊንግተን ብቻውን ፒያኖ ይመታል። የመቅረጫው ቴፕ እየዞረ ስለነበር ጫጫታቸው ሁሉ ተቀርጿል። አልሰረዙትም፤ ደግ አደረጉ።

ወጣቱ፦ ኤሊንግተን እኛ አገርም መጥቶ ነበር ይባላል።

ሽማግሌው፦ በእኛ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም.፤ ከጃንሆይም ኒሻን ተቀበለ። ሙላቱ አስታጥቄ ከባንዱ ጋር ተጫውቷል። ያኔ ስትሬይሆርን ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። አሁን አንተ ወረቀት አምጣ። የጓደኛህን ሥራዎች በሙሉ ጻፍ፤ ዜማው የማን፣ ግጥሙ የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ለያይ። ዘፋኞቹን ጠይቃቸው፤ አንዳንዱ የእኔ ነው ሊልህ ይችላል፣ እንዳትለቀው። ዝርዝሩን ለመድረክ አስተዋዋቂው ቀድመህ ስጠው፤ አንድ ኮፒ ደግሞ ለቤተሰቡ።