የትምህርት ቤቱ ገንዘብ የማን ነው?

ከሆለታ እስከ ጊንጪ፣ ከአምቦ እስከ ጌዶ በመንገዱ ዳርና ዳር ብዙ ትምህርት ቤት ይታያል። ቆርቆሮውን ማን ገዛው? ጭቃውንስ ማን መረገው? ለመምህሩ ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው? የዛሬው ንባባችን ስለዚህ ነው።

በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ የታተመው በነጋሪት ጋዜጣ ነው። ነጋሪት ዱሮ አዋጅ ሲነገር ይጎሰም የነበረው ከበሮ ነው፤ የጋዜጣውም ስም የመጣው ከዚያው ነው። ግብሩ የተጣለው በመሬት ላይ ነበር። ገንዘቡም በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታዘዘ። በወረቀት ላይ ሲያዩት መልካም ነገር ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ግን በአብዛኛው በከተማ ነበር። በዚያን ጊዜ ሀገረ ሕይወት ትባል ከነበረችው ከአምቦ ርቆ የሚኖረው ገበሬ ግብሩን እየከፈለ፣ ልጁ ግን ከብት ይጠብቅ ነበር። ባለመሬቱም ቢሆን ከኪሱ የሚወጣውን መልሶ በጭሰኛው ላይ መጫኑን ያውቅበታል። ከፋዩ አንድ፣ ተማሪው ሌላ ሆነ ማለት ነው። ጭሰኝነት የቀረው በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

አሁን ወደ ሕገ መንግሥቱ እንምጣ። ይህ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ነው። አንቀጽ 41ን ፈልጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በመንግሥት ገንዘብ በሚሰጥ አገልግሎት ሁሉም ዜጋ እኩል የመጠቀም መብት አለው ይላል። ቀጥሎም መንግሥት ለጤናና ለትምህርት የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው እያሳደገ እንዲሄድ ግዴታ ይጥልበታል። አንቀጽ 90 ደግሞ ስለ ትምህርት ሲናገር የአገሪቱን አቅም ያነሣል፤ አቅም በፈቀደ መጠን ነው የሚለው። ይህችን ቃል ልብ በሉ። ትንሽ ናት፤ ግን ብዙ ነገር የሚንጠለጠለው እሷ ላይ ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት በነጻ ይሰጣል የሚል ግልጽ ዐረፍተ ነገር በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አታገኙም። በ1986 ዓ.ም. እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሆን ያደረገው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው።

ገንዘቡ እንዴት ይመጣል? የመስኖ ውሃ አስቡ። ከጉደር ወንዝ የተጠለፈ ውሃ በቦይ በቦይ ነው ማሳ የሚደርሰው። የመንግሥትም ገንዘብ ከፌዴራል ወደ ክልል ይወርዳል፤ የማካፈያውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ ለወረዳ ያካፍላል። ወረዳው ከደረሰው ለትምህርት ሲመድብ ትልቁ ድርሻ ለመምህራን ደመወዝ ይሄዳል። ለግንብና ለወንበር የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በተማሪ ቁጥር እየተሰላ በቀጥታ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጥ ድጎማ መጣ፤ እሱም ቢሆን ለጠመኔና ለመጽሐፍ መደርደሪያ ነው እንጂ አዲስ ክፍል ለማቆም አይበቃም። እንግዲህ «ሕዝብ ያዋጣ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ግብርና መዋጮ አንድ አይደሉም። ግብር በሕግ ይጣላል። መዋጮ ግን ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ተነጋግሮ፣ ወዶ የሚሰጠው ነው። ታዲያ «መዋጮ ያልከፈለ ልጁ አይመዘገብም» ቢባልስ? እንደ እኔ አስተያየት ይህ ከአንቀጽ 41 እኩልነት ጋር ይጋጫል። ድሀዋ እናት ሃምሳ ብር ስላጣች ልጇ ከደጅ ሊመለስ አይገባም። እንዲህ ሲሆን ካያችሁ መጀመሪያ ለወላጅና መምህር ኅብረት፣ ካልሆነም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። በቃል የተነገረ ይረሳል። ገንዘብ ስትሰጡም ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡት። አሁን ማንበብ ትችላላችሁ እኮ!

ሀብት ማለት ገንዘብ ብቻ አይደለም። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የኳስ ሜዳና የጪሊሞ ደን ለባለሀብት ሥራ ሊውል ነው ተብሎ ተማሪዎች ተቃውሞ አነሡ። ነገሩ ከጊንጪ አልፎ በኦሮሚያ ከተሞች ሁሉ ተዛመተ፤ በወራት ውስጥ ብዙ ሰው ሞተ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሆኖም ለማን ይሰጥ የሚለውን በየቦታው የሚወስነው ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት ግቢ የይዞታ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል።

መልመጃ፦ በሰፈራችሁ ያለው ትምህርት ቤት ካርታ አለው? ማን ዘንድ ተቀምጧል? ስፋቱ ስንት ካሬ ሜትር ይላል? ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ግቢውን በእርምጃ ለክታችሁ ከካርታው ጋር አስተያዩት።