ስለ መኪና መሪ ሕመምና ስለ መድኃኒቱ

ልጓም የሌለው ፈረስ ጋላቢውን ወደ ወደደው ስፍራ እንደሚወስደው፥ መሪው የታመመ መኪናም ነጂውንና ተሳፋሪውን ወዳላሰቡት ይወስዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ የሊማሊሞም መንገድ ገደል ለገደል የሚሄድ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ የመሪ ጉድለት የነጂው ብቻ ሳይሆን፥ ገበያተኛውም ተማሪውም በሽተኛውም የሚካፈለው አደጋ ነው። ነገር ግን መሪ አብዛኛውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ አይከዳም፤ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ስለዚህ ምልክቱን ማወቅ ለነጂም፥ ለአስተማሪም፥ ለአገር ሽማግሌም ይጠቅማል።

የመሪ አሠራር

ነጂው በእጁ የሚይዘው ክብ መሪ በዘንግ አማካይነት ከመሪው ሳጥን ጋር ይገናኛል። በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ጥርሶች የእጁን መዞር ወደ ግራና ወደ ቀኝ መገፋት ይለውጡታል፤ ከዚያም አገናኝ ዘንጎች ሁለቱን የፊት ጎማዎች ያዞራሉ። በዘንጎቹ ጫፍ፥ ራሳቸው እንደ ኳስ ድቡልቡል የሆኑ መገጣጠሚያዎች አሉ።

መኪና ሲታጠፍ የውስጡ ጎማ ከውጭው ያነሰ ክብ ስለሚዞር፥ ከውጭው ይልቅ አብልጦ መታጠፍ አለበት። ይህን ብልሃት ጌዎርግ ላንከንስፐርገር የተባለ ጀርመናዊ ለፈረስ ሠረገላ አወጣው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1818 ዓ.ም. ሩዶልፍ አከርማን በእንግሊዝ አገር መብቱን አስመዘገበው። ከዘንጎቹ አንዱ ቢጣመም ወይም አንዱ መገጣጠሚያ ቢበላ የሁለቱ ጎማዎች ስምምነት ይፈርሳል።

አምስቱ ምልክቶች

አራሽ የማረሻውን ነገር በእርፉ እንደሚያውቅ፥ ነጂም የጎማውን ነገር በመሪው ያውቃል። በእጁ የሚሰማው ምልክት አምስት ዓይነት ነው።

1ኛ፤ መሪው ሲከብድ። አስቀድሞ የፊት ጎማዎች ነፋስ ይመርመር፤ ነፋሱ ያነሰ ጎማ መሪን ያከብዳል። ቀጥሎ፥ መሪው በዘይት ኀይል የሚታገዝ ከሆነ የዘይቱ ልክና ዘይት ገፊውን የሚያዞረው ቺንጋ ይታይ። ዘይቱ ከጎደለ የሚያፈስ ስፍራ አለ ማለት ነውና፥ መጨመር ብቻውን መድኃኒት አይደለም። በአዳዲስ መኪናዎች በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪም አለ፤ የማስጠንቀቂያ መብራቱ ቢበራ ወደ ባለሙያ መውሰድ ይገባል። በአሮጌ የጭነት መኪና ግን ብዙ ጊዜ የክብደቱ ምክንያት ግሪስ ያጣ መገጣጠሚያ ነው።

2ኛ፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲጎትት። የግራና የቀኝ ጎማ ነፋስ እኩል መሆኑ ይመዘን። እኩል ከሆነ ጥቂት መንገድ ተነድቶ፥ እጅ ወደ ቸርኬው ሳይነካ ቀረብ ይበል፤ አንዱ ከሌላው ይልቅ የሚያቃጥል ቢሆን ፍሬኑ ጎማውን ይዞ አልለቀቀም። ይህም ካልሆነ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ስፍራ ይለዋወጡ፤ መጎተቱ ወደ ሌላው ወገን ቢዞር ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ባይዞር ግን ባለ ጋራዦች አላይመንት የሚሉት የጎማ አቀማመጥ ተበላሽቷል።

3ኛ፤ መሪው ሲንቀጠቀጥ። በፍጥነት ጊዜ ብቻ ከሆነ የጎማው ሚዛን ጎድሏል፤ በቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃም ይህን ያደርጋልና አስቀድሞ ይታጠብ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፍሬኑ ዲስክ ነው።

4ኛ፤ መሪው በከንቱ ሲዞር። ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው ብቻ የሚሄድበት ርቀት በብዙዎቹ ትናንሽ መኪናዎች ከ3 ሳንቲሜትር ማለፍ የለበትም። ይህ ከሁሉ የሚያስፈራ ምልክት ነው፤ አንድ መገጣጠሚያ ተበልቶ ሊወልቅ እንደ ቀረበ ያሳያልና።

5ኛ፤ ሲታጠፍ ድምፅ ሲሰማ። ማቃሰት ቢሆን የዘይት ማነስ ነው፤ መንኳኳት ቢሆን ግን የመገጣጠሚያ መበላት ነው።

የአመረማመር ሥርዓት

ንባቡን ሳያጸኑ ትርጓሜ እንደማይጀመር፥ ጎማውን ሳይመለከቱም የመሪውን ሳጥን መፍታት አይገባም። በቀላሉ የሚታየው ይቅደም፤ የተሰወረው ይከተል።

መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ፤ የፊቱ ወገን በክሪክ ከተነሣ በኋላ ጽኑ ድጋፍ ይግባበት። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ሰው ከቶ አይግባ። ከዚያም ጎማው በግራና በቀኝ ጎኑ ተይዞ ይነቅነቅ፤ ቢላላ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከመሪው ዘንጎች መገጣጠሚያ ነው። ደግሞ ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ፤ ቢላላ አንድ ረዳት ፍሬኑን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ ልሉ ቢጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ባይጠፋ ግን ጎማውን የተሸከመው መገጣጠሚያ ነው።

ሊደረግ የማይገባው

የተበላ መገጣጠሚያ በአዲስ ይለወጣል እንጂ በሽቦ አይታሰርም፤ የተሰበረ የመሪ ዘንግም አይበየድም። ዳዶው በተፈታ ጊዜ ዳዶውን የሚቆልፈው ቀጭን ብረት በአዲስ ይተካ፤ ምስማር አይተካውም። አዲስ መገጣጠሚያ ከገባ በኋላም የጎማዎቹ አቀማመጥ ይመዘን፤ ያለዚያ ጎማው በአንድ ወገን ተበልቶ ያልቃል። ነዳጅ ለማትረፍ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት መውረድም እጅግ ክፉ ልማድ ነው፤ መሪውን የሚያግዘው ኀይል ይቋረጣል፤ የፍሬኑም እገዛ ይደክማል፤ ቁልፉ ከተነቀለ መሪው ጨርሶ ይቆለፋል።

ለአስተማሪና ለሽማግሌ

ነጂ የዕለት ገቢው እንዳይቀርበት ይቸኩላል፤ ባለ ንብረቱም መኪናው አንድ ቀን ሥራ ቢፈታ ይከፋዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ምልክቱን ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉታል። ሽማግሌ ግን ከመሳፈሩ በፊት የፊቱን ጎማ አይቶ በአንድ ወገን የተበላ መሆኑን ቢያገኝ፥ ወይም መሪው በከንቱ ሲዞር ቢመለከት፥ «ልጄ፥ ይህ ሳይበጅ አንሄድም» ሊል ይገባዋል። ቃሉ የሚከበር ሰው ያንድ ቀን መንገድ አስቀርቶ የብዙ ሰው ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የተባለው ምሳሌ ለመሪ ሕመምም ይሠራል፤ ዛሬ አንድ መገጣጠሚያ የሚለውጥ ሰው ነገ ከገደል መኪና አያስወጣም።

አስተማሪም ይህን ትምህርት ካስነበበ በኋላ ተማሪዎቹን እንዲህ ይጠይቅ፦
1. የውስጡ ጎማ ከውጭው ይልቅ አብልጦ የሚታጠፈው ስለ ምንድን ነው?
2. መኪና ወደ አንድ ወገን ሲጎትት አስቀድሞ ምን ይመረመራል?
3. ጎማው ከላይና ከታች ሲነቀነቅ ፍሬኑን የሚረግጥ ረዳት ለምን ያስፈልጋል?
4. ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት የሚወርድ ነጂ ምን ያጣል?